በመርከብ ላይ ደጅ ጥናት

አንድ ሰው የመርከብ ቲኬቱን ገዝቶ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ ፓስፖርቱን አሳይቶ፣ ሻንጣውን ለተሸካሚ አስረክቦ፣ መሸጋገሪያውን ወጥቶ ወደ መርከቡ ሆድ ሲገባ የመጀመሪያ ምኞቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ክፍሉን ማየት ነው። ጫማውን አውልቆ ከአልጋው ላይ ጋደም ሊል፣ ፊቱን ሊታጠብ፣ በመስኮቱም ባሕሩን ሊያይ ይፈልጋል። ዳሩ ግን ቁጥሩን እየፈለገ ወደ ኮሪደሩ ሲደርስ ወፍራም የብረት በር ተዘግቶ፣ በበሩም ላይ ክፍሎቹ ከቀትር በኋላ እንደሚከፈቱ የሚናገር ማስታወቂያ ተለጥፎ ያገኛል።

ይህን ነገር የሰማሁት ከአክስቴ ነው። አክስቴ አሜሪካ አገር፣ ሜሪላንድ ትኖራለች፤ እናቷም፣ ማለት አያቴ፣ ወደ እሷ ከሄዱ ብዙ ጊዜያቸው ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት ሁለቱን ልጆቿንና አያቴን ይዛ፣ ፈረንጆች ክሩዝ በሚሉት የሽርሽር መርከብ በካሪቢያን ባሕር ሰባት ቀን ለመዞር ማያሚ ወደብ ወረደች። የኩባንያውን ስም ነግራኛለች፤ እኔ ግን ልተወው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ወደቡ ደረሱ፤ ትልልቆቹን ሻንጣዎች ለተሸካሚዎች ሰጡ፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላም መርከቡ ላይ ወጡ። ወዲያው ወደ ክፍላቸው ቢያመሩ ኮሪደሩ ዝግ ነው። ከበሩ አጠገብ የቆመ አንድ ወጣት ሠራተኛ ፈገግ ብሎ፣ ምሳ ስለ ቀረበ ወደ ላይኛው ፎቅ እንዲወጡ በትሕትና ነገራቸው። ትንሹ ልጅ ማስታወቂያውን አንብቦ ለአያቱ «አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚከፈተው» ብሎ በአማርኛ ተረጐመላቸው። አያቴም እንደ እኛ ቈጥረው፣ እስከ ማታ ድረስ መጠበቅ ሊሆን ነው ብለው ከደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

ይህስ ያስቃል። የማያስቀው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አያቴ የስኳር በሽታ አለባቸው፤ ከምግብ በፊት ኢንሱሊን ይወጋሉ። መድኃኒቱ፣ መርፌውና የስኳር መለኪያው በትንሽ ቦርሳ ሆነው የተቀመጡት ለተሸካሚ በተሰጠው ሰማያዊ ሻንጣ ውስጥ ነበር። አክስቴ ክፍሉ እንደ ደረሱ ይከፈታል፣ ሻንጣውም ከበሩ ላይ ይጠብቀናል ብላ ነበር ያሰበችው፤ ሆቴል የለመደ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ላይኛው ፎቅ ላይ ሥጋው፣ ዓሣው፣ ፍራፍሬው፣ ኬኩ ተደርድሯል። ሰው ሁሉ ይበላል። አያቴ ግን ባዶ ሳህን ፊታቸው አስቀምጠው ተቀመጡ።

ከተመለሱ በኋላ አክስቴ በስልክ ይህን ስታጫውተኝ ንዴቷ ገና አልበረደም ነበር። «ገንዘባችንን ከፍለን፣ ስማችን ተጽፎ፣ ክፍላችን ደጃፍ ቆመን ለምን አንገባም? አንተ አስተማሪ አይደለህም እንዴ፣ እስቲ ምክንያቱን ንገረኝ» አለችኝ። አያቴ ከበስተኋላ ሆነው «ደጅ ጥናት ነዋ! አባቴ ለርስት ክርክር አዲስ አበባ መጥተው ሦስት ወር ደጅ ጠንተው የለም እንዴ» ሲሉ ተሰማኝ።

እኔም ነገሩን ልመርምረው ብዬ ተነሣሁ። ዩኒቨርሲቲ በገባበት ቀን ፍራሹን ታቅፎ የመኝታ ቤት ቁልፍ የጠበቀ ሰው ሁሉ የአክስቴን ንዴት ያውቀዋል። ከአንባቢዎቼ መካከልም ከጠረጴዛው ወዲያ ሆነው ባለጉዳይን «ትንሽ ይጠብቁ» የሚሉ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አይጠፉም። እነርሱ ደግሞ ከተዘጋው በር በስተጀርባ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሳይፈልጉ አይቀሩም።

በመጀመሪያ ሰዓቱን እናጥራ። በዚህ ጽሑፍ ሰዓቱን በእኛ አቈጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቱን ግን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ። የአያቴ የልጅ ልጅ ያነበበው 1፡30 የእኛው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ካርኒቫልና ዲስኒ የሚባሉት ኩባንያዎች ክፍሎቻቸው በዚህ ሰዓት እንደሚዘጋጁ ለመንገደኞቻቸው ይናገራሉ፤ በሌሎቹም ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ በሰባትና በስምንት ሰዓት መካከል ነው። መርከቡ ላይ መውጣት ግን ከአምስት ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይቻላል። እንግዲህ ቀድሞ የመጣ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቤት ሳይኖረው በገዛ ቤቱ ውስጥ ይዞራል ማለት ነው። ታዲያ ቀድመው ለምን ያስወጡታል ቢባል፣ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢጠብቅ የወደቡ አዳራሽ ይጨናነቃል፤ ደግሞም ኩባንያው ሰው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ከሚያጕረመርም ይልቅ መርከቡ ላይ ተቀምጦ መጠጥ ቢገዛ ይመርጣል።

ጥንት እንዲህ አልነበረም። ታይታኒክ ኤፕሪል 10 ቀን 1912 ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ስትነሣ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞች በጠዋት ተሳፈሩ፤ የአንደኛ ማዕረጎቹ ግን ከለንደን በልዩ ባቡር መጥተው፣ እኩለ ቀን ላይ መርከቢቱ ልትነሣ ጥቂት ሲቀራት ነበር የወጡት። ሁሉም አስተናጋጆች እየመሯቸው በቀጥታ ወደየክፍላቸው ሄዱ። አልጋው ተነጥፎ፣ ፎጣው ተሰቅሎ ጠበቃቸው። ለምን ቢሉ፣ መርከቢቱ ከኤፕሪል 4 ቀን ጀምሮ ወደቡ ላይ ቆማ ነበርና የሚያጣድፍ አልነበረም። ያን ጊዜ መርከብ መንገድ ነበር፤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው መሻገሪያ። ደርሶ ያራግፋል፣ ጥቂት ቀናት ያርፋል፣ ይጠራረጋል፣ እንደገና ይጭናል።

በ1958 የጄት አውሮፕላን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ መንገደኛ ማመላለስ ሲጀምር ያ ዘመን አከተመ። አምስት ቀን የሚፈጀውን መንገድ በጥቂት ሰዓት የሚያደርስ ነገር ከመጣ ማን በመርከብ ይሄዳል? የመርከብ ባለቤቶች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በዲሴምበር 1966 ሰንዋርድ የምትባል መርከብ ከማያሚ ተነሥታ ለሽርሽር ብቻ መንገደኛ መውሰድ ጀመረች፤ በ1968 ሮያል ካሪቢያን፣ በ1972 ደግሞ ካርኒቫል የተባሉት ኩባንያዎች ተቋቋሙ። የካርኒቫል የመጀመሪያዋ መርከብ ማርዲ ግራ በመጀመሪያ ጉዞዋ ገና ከማያሚ ሳትርቅ አሸዋ ላይ ወጥታ መቆሟን የባሕር ሰዎች እስከ ዛሬ እየሣቁ ያነሡታል። መርከብ መንገድ መሆኑ ቀረና ተንሳፋፊ ሆቴል ሆነ። ሆቴል ደግሞ ገንዘብ የሚያገኘው አልጋው ሲያዝ ነው። ወደብ ላይ ባዶውን ያደረ መርከብ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ በጠዋት የገባ መርከብ በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ በሌላ ሕዝብ ተሞልቶ መውጣት አለበት።

ይህን ለማየት ከማያሚ የሚሻል ቦታ የለም። ዶጅ ደሴት በሚባል፣ ከከተማው ጋር በድልድይ በተያያዘ መሬት ላይ ያለው ይህ ወደብ በ2024 የበጀት ዓመት ብቻ ከ8 ሚሊዮን የሚበልጥ መንገደኛ አስተናግዷል። በጃንዋሪ 2024 ሥራ ስትጀምር በዓለም ካሉት የመንገደኛ መርከቦች ሁሉ ትልቋ የነበረችው አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ ሰባት ቀን ዞራ ወደዚህ ትመለሳለች። ርዝመቷ 365 ሜትር ነው፤ 20 ፎቆች፣ 2,805 የመንገደኛ ክፍሎች አሏት። በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ቢገባ 5,610 ይሆናሉ፤ አልጋው ሁሉ ሲሞላ ወደ 7,600 ይደርሳሉ። ሠራተኞቿ 2,350 ናቸው።

እስቲ የዚያን ቀን ጠዋት በዐይነ ኅሊናችን እንየው። መርከቢቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ትጠጋለች። የሚሄዱት መንገደኞች ሻንጣቸውን ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ከደጃቸው አውጥተው አስቀምጠዋል፤ ሠራተኞቹም ሌሊቱን ሲያግዙት አድረዋል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሰው መውረድ ይጀምራል። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ክፍሉን የማይለቅ መንገደኛ በሩ ይንኳኳበታል። በአንደኛው ወገን ሻንጣ ይወርዳል፣ በሌላው ወገን የሰባት ቀን ቀለብ ይወጣል፤ አትክልቱ፣ ሥጋው፣ ዱቄቱ፣ የመጠጡ ሣጥን። ነዳጅ ይቀዳል፣ ቈሻሻ ይራገፋል፣ ውላቸውን የጨረሱ ሠራተኞች ይሰናበታሉ፣ አዲሶቹ ይገባሉ። ከመንገደኞች ፎቅ በታች መርከቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጥ ሰፊ የሠራተኞች መተላለፊያ አለ፤ በብዙ መርከቦች ላይ ሠራተኞቹ በአንድ የአሜሪካ አውራ ጎዳና ስም «አይ 95» ይሉታል። በዚህ ዕለት መርካቶን በበዓል ዋዜማ ያየ ሰው ምን እንደሚመስል ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ይመጣል። በአሜሪካ ወደቦች የመጨረሻው ወራጅ መንገደኛ ከመርከቡ ወርዶ ቈጠራው ባዶ መሆኑ ሳይረጋገጥ አዲስ ሰው አይገባም። አንድ ሰው እንቅልፍ ወስዶት ቢቀር፣ ወይም ከኢሚግሬሽን ጋር ነገር ቢኖረው፣ ስሙ በድምፅ ማጉያ ደጋግሞ ይጠራል፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሺዎችም በእሱ ምክንያት ይቆማሉ። በሜዲትራንያን ባሕር ግን አሠራሩ ለየት ይላል። ኮስታና ኤምኤስሲ የተባሉት የጣሊያንና የስዊስ ኩባንያዎች በባርሴሎናም፣ በማርሴይም፣ በጄኖቫም፣ በቺቪታቬኪያም አዲስ መንገደኛ ይጭናሉ፤ አንዱ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሌላው ጉዞው ገና እኩሌታ ላይ ነው። መርከቡ ጨርሶ ባዶ የሚሆንበት ቀን የለም። ይህ ልዩነት በኋላ የምናነሣው ከባድ ነገር አለበት።

አሁን ወደ ተዘጋው በር እንመለስ። በሩ ለደጅ ማስጠኛ የተሠራ አይደለም። የእሳት በር ነው፤ እሳት ከአንዱ የመርከቡ ክፍል ወደ ሌላው እንዳይዛመት የሚያግድ ከባድ የብረት መዝጊያ ነው። በሌላው ቀን በማግኔት ተይዞ ክፍት ይቆያል፤ አደጋ ሲደርስ ከመርከቡ አዛዥ ክፍል ማግኔቱ ሲለቀቅ ራሱ ይዘጋል። በመሳፈሪያው ዕለት ግን ሰው እንዳያልፍ ሆን ብለው ይዘጉታል። ገፍቶ የሚገባ አይጠፋም። የሚቈለፍ በር አይደለምና አንዱ ገፍቶ ሲያልፍ ሌላው ይከተለዋል፤ ብዙም ሳይቈይ ኮሪደሩ በልጅና በእጅ ሻንጣ ይሞላል።

በሩን ገፍቶ ለሚገባ ሰው የሚታየው ነገር ይህ ነው። ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር የቈሸሸ አንሶላ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ ተከምሮበታል። በየበሩ የአገልጋዮች ጋሪ ቆሟል። አገልጋዮቹ አብዛኛዎቹ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ ወይም ከሕንድ የመጡ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ልጆቻቸውንና ሚስቶቻቸውን ትተው ለስድስት፣ ለስምንት ወር ውል የፈረሙ ናቸው። አንዱ አገልጋይ አሥራ አምስትም፣ ሃያም ክፍል ይይዛል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንዳንድ ኩባንያዎች በቀን ሁለት ጊዜ ይደረግ የነበረውን የክፍል ማስተካከል ወደ አንድ ጊዜ ስላወረዱት ከዚህም የሚበልጥ የሚሰጠው አለ።

የሒሳብ አስተማሪ ባልሆንም እስቲ እናስላው። አሥራ ስድስት ክፍል ይዟል እንበል። የመጨረሻው መንገደኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢለቅለት፣ በሩ ደግሞ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቢከፈት፣ አምስት ሰዓት አለው፤ ማለት 300 ደቂቃ። ለአሥራ ስድስት ብናካፍለው ለአንዱ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አይሞላም። በዚህች ጊዜ አንሶላውን ገፎ ሌላ ያነጥፋል፤ ትራሱን ይለውጣል፤ መጸዳጃውንና መታጠቢያውን ያጥባል፤ የበሩን እጀታ፣ የመብራቱን ማብሪያ፣ ስልኩንና የቴሌቪዥኑን መቈጣጠሪያ በመድኃኒት ይወለውላል፤ የተረሳ ዕቃ እንዳለ ከአልጋው ሥር ያያል፤ ምንጣፉን ይጠርጋል። ባለፈው ሳምንት ባልና ሚስት የተኙበትን አልጋ ለሁለት ከፍሎ ለሁለት ወንድማማቾች ያደርገዋል፤ በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ ሁለቱን አንድ ያደርጋል፤ ለልጆችም ከጣራው ላይ የተጣጠፈውን አልጋ ያወርዳል። የመንሳፈፊያው ሰደርያ በክፍሉ የሚቀመጥ ከሆነ በሰው ልክ መኖሩን ይቈጥራል። አገልጋዩ ይህን ሁሉ የሚሠራው ሌሊቱን ሻንጣ ሲያግዝ ካደረ በኋላ ነው።

እነዚህን ሠራተኞች የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። በ2006 ተፈርሞ በኦገስት 2013 በሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ማንም መርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት፣ በሰባት ቀንም ከ77 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት እንዲያገኝ ያዛል። ነገር ግን ቍጥሩን ገልብጠን ካየነው በቀን 14 ሰዓት ማሠራት የተፈቀደ ነው ማለት ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል ይሰማኛል።

ቢሆንም ለሁሉም እኩል የማይዘጋ በር ነው። ትልልቁን ክፍል፣ ስዊት የሚሉትን፣ የያዘ ሰው፣ ወይም ቀድሞ ለመግባት ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለ ሰው፣ በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ መርከቡ ላይ እንደ ወጣ ክፍሉ ይከፈትለታል። ገንዘብ ያለው ይቅደም ቢባል በዚህ ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የሰውየው ገንዘብ ደቂቃ አይጨምርም፤ አገልጋዩ ያው አንድ ነው፣ የክፍሉም ቍጥር ያው ነው። ቀድሞ ለሚገባው ቀድሞ ይጠረግለታል፤ የተቀሩት ክፍሎች በተረፈችው ጊዜ ይሠራሉ። የተሸጠው የአገልጋዩ ጥድፊያ ነው።

ጥድፊያው ደግሞ ከምቾት ብቻ የተያያዘ አይደለም። ኖሮ ቫይረስ የሚባል ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ ነቀርሳ ያልሆነ ግን ክፉ በሽታ አለ። ጥቂት ቅንጣት ብቻ ሰውን ለማሳመም ይበቃል፤ በበር እጀታና በጠረጴዛ ላይ ለቀናት ሊቈይ ይችላል፤ ሰው ሁሉ በኪሱ የሚይዘው የአልኮል ጄል ብዙም አያሸንፈውም። እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ዕቃውንም በበረኪና መወልወል ያስፈልጋል። ሺህ ሰው በአንድ ጣራ ሥር በሚበላበትና በሚተኛበት ቦታ አንድ በደንብ ያልተወለወለ መጸዳጃ ቤት ምን እንደሚያደርስ መገመት አያስቸግርም። በጃንዋሪ 2014 ኤክስፕሎረር ኦፍ ዘ ሲስ በምትባል መርከብ ላይ ከ600 የሚበልጡ መንገደኞች ታመው፣ መርከቢቱ ጉዞዋን ሁለት ቀን አሳጥራ ወደ ኒው ጀርዚ ተመልሳለች። አሜሪካውያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመርከቦችን ንጽሕና የሚመረምር ክፍል በጤና መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ አቋቁመዋል። መርማሪዎቹ ሳይጠሩ መጥተው ከወጥ ቤት እስከ መዋኛው ያለውን ሁሉ አይተው ከመቶ ነጥብ ይሰጣሉ፤ 86 ያገኘ አለፈ፣ 85ና ከዚያ በታች ያገኘ ወደቀ። ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጻል። ተማሪዎቼ ይህን ማለፊያ ነጥብ ቢሰሙ ጭካኔ ነው ይሉ ነበር። በመርከቡ ላይ ባለፈው ሳምንት በሽታ ከነበረ ጽዳቱ እጥፍ ይሆናል፤ ኩባንያውም ለሚመጡት መንገደኞች በጥቂት ሰዓት ዘግይተው እንዲመጡ መልእክት ይልካል። እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ሰው ይናደዳል፤ የሚያስፈራው ግን በሽታ ኖሮ መልእክቱ ያልመጣ እንደ ሆነ ነው።

ወደ ክፍል መግባት ከሌላ ትልቅ ጉዳይ ጋርም ይያያዛል፤ ይኸውም የአደጋ ልምምድ ነው። በጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባል የጣሊያን መርከብ 4,229 ሰዎች ይዛ ከቺቪታቬኪያ ተነሣች። ከላይ እንዳልሁት በዚህ ወደብ ብዙ መቶ አዳዲስ መንገደኞች ተሳፍረው ነበር። ሌሎቹ ጉዞውን ከጀመሩ ቀናት አልፈዋቸዋል፤ እነዚህ ግን ገና ሻንጣቸውን እየፈቱ፣ እራታቸውን እየበሉ ነበር። የዚያን ጊዜው ዓለም አቀፍ ሕግ የአደጋው ልምምድ በተሳፈሩ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደረግ ይል ስለ ነበር የእነርሱ ልምምድ ለማግሥቱ ተቀጥሯል። መርከቢቱ ከተነሣች ሦስት ሰዓት ሳይሞላት በጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከአለት ጋር ተጋጨች። 32 ሰዎች ሞቱ። አዲሶቹ መንገደኞች የሚሰበሰቡበትን ቦታ ማንም አላሳያቸውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ተለወጠ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደ ተነሣ ወዲያው መደረግ አለበት። ቀድሞ ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት፣ ሰደርያውን አጥልቆ፣ በፀሐይ ተሰልፎ ይቆም ነበር፤ ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ግን በብዙ ኩባንያዎች መንገደኛው በስልኩ ወይም በክፍሉ ቴሌቪዥን ትምህርቱን አይቶ፣ በተመደበበት መሰብሰቢያ ቦታ ቀርቦ ስሙን ያስመዘግባል። ታዲያ ሰው ክፍሉ ከተከፈተለት በኋላ ጋደም ይላል፤ ጋደም ያለ ደግሞ እንቅልፍ ይወስደዋል። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ እምቢ ቢል ሊያስወርዱት ይችላሉ። በእኔ አስተያየት ክፍሉ በተዘጋባት በዚያች ሁለት ሰዓት የመሰብሰቢያውን ቦታ አይቶ መምጣት ከቡፌው ሦስተኛ ሳህን ይሻላል።

ዘግይቶ የሚመጣስ? ለእሱ ክፍሉ ክፍት ነው፤ አንዳንዴ ግን መርከቡ ይዘጋበታል። የተሳፋሪዎቹ ስም ዝርዝር መርከቡ ከመነሣቱ 60 ደቂቃ በፊት ለአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት መላክ ስላለበት፣ ኩባንያዎቹ ከዚያ ቀደም ብለው መዝገቡን ይዘጋሉ። አሥር ሰዓት ላይ በሚነሣ መርከብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደርሶ መለመን ፋይዳ የለውም።

የሻንጣው ነገር ከሁሉ በላይ አክስቴን ያሳሳታት ነው። ለተሸካሚ የተሰጠ ሻንጣ የክፍሉ ቍጥር በተጻፈበት ወረቀት ታስሮ፣ በመመርመሪያ መሣሪያ አልፎ፣ ከብዙ ሺህ ሌሎች ጋር በሽቦ ጋሪ ተጭኖ ይገባል። ከበሩ የሚደርሰው በሩ ሲከፈት አይደለም፤ ከቀትር በኋላ ቀስ በቀስ፣ አንዳንዱም ማታ ነው። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ መነጽር፣ የልጅ ወተትና የዋና ልብስ በእጅ መያዝ ያለባቸው ስለዚህ ነው። የተከለከለ ዕቃ ያለበት ሻንጣ ደግሞ ጨርሶ ወደ ክፍል አይመጣም፤ ባለቤቱ ተጠርቶ ይከፍተዋል። እሳት በመርከብ ላይ የሚያስፈራ ነገር ነውና የልብስ ካውያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሻማ፣ ዕጣንም ሳይቀር ተከልክሏል። ጀበናና ከሰል ምድጃ ይዞ ለመሄድ ያሰበ የአገሬ ሰው ካለ ከአሁኑ ይወቀው። አያቴ ዕጣናቸውን ቤት ትተው የሄዱት አክስቴ ይህን ብቻ አስቀድማ ስላነበበች ነው።

የዚያ ቀን ነገር እንዴት አለቀ? አክስቴ ወደ እንግዳ መቀበያው ወርዳ ጉዳዩን አስረዳች። ጸሐፊዋ ሻንጣውን ከየት ታምጣው? ወደ መርከቡ ክሊኒክ ላከቻቸው፤ ነርሷ የአያቴን ስኳር ለካች፣ የሚያሰጋ ደረጃ ላይ እንዳልሆነ ነገረቻቸው፣ ሻንጣው ከዘገየም ተመልሰው እንዲመጡ አዘዘቻቸው። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ ተከፈተ። የክፍሉ ቁልፍ በፖስታ ሆኖ ከደጃፉ ተሰክቷል፤ አልጋው በነጭ አንሶላ ተነጥፎ፣ ክፍሉ የበረኪና ሽታ ይሸታል። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያ ጠዋት ከበሩ ላይ የመለሳቸው ወጣት፣ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ፣ የመጨረሻውን የአንሶላ ክምር በጋሪው ላይ ይጭናል። አገልጋያቸው እሱ ራሱ ኖሯል።

አክስቴ እየተቈጣች ጀመረች፤ ወደ መጨረሻው ግን ድምፅዋ ተሰበረ። ልጁ ምንም አልመለሰም። የሻንጣውን ቀለም ጠየቀ፣ ከእጇ ላይ የቀረውን ቍራጭ ወረቀት ተመለከተ፣ ጋሪውን ለባልደረባው ትቶ በሠራተኞች ደረጃ ወረደ። የየኮሪደሩ ሻንጣ በየትኛው ጋሪ እንደሚጫንና ጋሪው የት እንደሚቆም የሚያውቅ እሱ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰማያዊውን ሻንጣ ራሱ ተሸክሞ መጣ። አያቴ መድኃኒታቸውን ወጉና ወደ ላይ ወጥተው በዘጠኝ ሰዓት ምሳቸውን በሉ።

ማታ አልጋውን ሊያስተካክል ሲመጣ አያቴ ስሙን ጠየቁት፤ በጸሎት ሊያስቡት ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ቢነግራቸው ሊይዙት አልቻሉም። አክስቴ በደረቱ ላይ ከተሰካው የስም ምልክት በአማርኛ ፊደል ገልብጣ በቍራጭ ወረቀት ሰጠቻቸውና በመዝሙረ ዳዊታቸው መካከል አኖሩት። እሱ ግን ገና ያልደረሱ ሻንጣዎች ነበሩትና በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።